ምላስህን አንሳ

«በእናት በኩል ነው የሚመጣው» ያለችው ዶክተር ኡርጂ ለጋሩማ ነበር እንጂ ለሚስቱ ለአሰፋች አልነበረም። አሰፋች ግን ከነቀምት ሆስፒታል ግቢ ቧንቧ ውኃ ቀድታ ስትመለስ በሩ ላይ ደረሰችና ሰማችው። ሰምታም አልገባችም። ጀሪካኗን እንዳንጠለጠለች ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ሰው ስለ ራሱ ሲወራ ጆሮው ይቀላል፤ የእሷም እንዲሁ ሆነ። ዶክተሯ ገና ወጣት ናት፤ ሌሊቱን ስትሠራ ስላደረች ዓይኗ ቀልቷል፤ ቢሆንም ቀስ ብላ፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ ታስረዳለች። እንዲህ ባለ ሰዓት «ጥፋት አይደለም» የሚለውን ማን ይሰማል? ከጋሩማ አጠገብ አግዳሚው ላይ የተቀመጠችው ታላቅ እህቱ ሶረቲ የሰማችው «በእናት በኩል» የምትለዋን ብቻ ነው። ሰምታ ስታበቃ ሻርፗን አስተካከለችና «ድሮም ብያለሁ» አለች። «ወንድ ከማይበረክትበት ቤት ነው ያገባኸው ብዬህ ነበር።» ጋሩማ አንዲት ቃል ቢመልስላት ኖሮ፣ አሰፋች የዚያን ዕለት የመጣውን ሁሉ ትችለው ነበር ይሆናል። እሱ ግን መዳፉን ያያል።

ክፍሉ በሰው ተጨናንቋል። ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ወባ በወለጋ ቆላ እንደ ልቧ የምትፈነጭበት ወር። ከኡኬ፣ ከቢላ፣ ከአንገር ጉቲን ታዝለው የመጡ ሰዎች ከፊሎቹ አልጋ ላይ፣ ከፊሎቹ ወለል ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ተኝተዋል፤ አስታማሚው በየአልጋው ግርጌ ኩርምት ብሏል። ልጃቸው ኢቢሳ ከመስኮቱ ሥር ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ጆንያ በቆሎ ባንድ ትከሻው የሚያነሳ ጎረምሳ፣ አሁን ብርድ ልብሱ እንኳ የከበደው ይመስላል። ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ከራስጌው ደም ተንጠልጥሎ ይንጠባጠብለታል፤ ለምትኩ አባቱ ጠዋት ከራሱ ሰጥቷል። ከአልጋው ጎን የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልተጨመረበትም። ከታች ትንሽ ጥቁር ነገር አለች፤ እሷው ናት። አሰፋች ጀሪካኗን አስቀምጣ መጀመሪያ ያየችው ያንን ነው፤ ክፍሉ ውስጥ በገባች ቁጥር ከልጇ ፊት በፊት ዓይኗ የሚሄደው ወደዚያ ሆኗል።

ዶክተር ኡርጂ ተከትላት ገባች። እንደተሰማባት ገብቷታል። «አዮ፣ ይቀመጡ» አለቻት፤ ኢቢሳም እናቱን የሚጠራት አዮ እያለ ነው። አሰፋች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቀይ የደም ሴል ውስጥ ሴሉን የሚጠብቅ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ» አለች ዶክተሯ። «አንዳንድ ሰው ላይ ይጎድላል። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ያርሳል፣ ይሮጣል፣ መጉደሉንም አያውቅም። ወባ ይዞት፣ ወባውን ጉበት ውስጥ ከተደበቀበት የሚነቅለውን ኪኒን ሲወስድ ግን ሴሉ መቋቋም አቅቶት ይፈነዳል። ሽንቱ ኮካ የመሰለው ለዚህ ነው። ደሙ ነው የሚወጣው።»

«ደሙ ነው?»

«ደሙ ነው። አሁን ደግሞ ኩላሊቱን ዘግቶታል።»

«እኔ እኮ በሽታው የሚወጣ መስሎኝ ነው» አለች አሰፋች። «ሁላችንም በሽታው የሚወጣ መስሎን ነው።»

የሷን ነገር ለመረዳት ደረሳን ማወቅ ያስፈልጋል። ደረሳ የበኩር ልጇ ነው፤ ሰፈሩ ዛሬም በሞተ ልጇ ስም «ሃዳ ደረሳ» ይላታል፣ የደረሳ እናት። እሱም ወባ ይዞት ይኼው የአሥራ አራት ቀን የሚባለው ኪኒን ተሰጥቶት ነበር። ጥቂት ወስዶ፣ ሽንቴ ተለወጠ፣ ጉልበቴ ከዳኝ ብሎ ተወው፤ ለእናቱ ግን ጨርሻለሁ አላት። ወባው ከርሞ ተመለሰበት፤ ተመልሶም ጨረሰው። ከቀብሩ በኋላ ቤት ስትጠርግ፣ አባቱ በእጁ ከሠራለት አልጋ ኋላ ኪኒኖቹን አቧራ ለብሰው አገኘቻቸው። ለቅሶ የተቀመጠው ሁሉ አየ። አንድ የጤና ባለሙያ «እናንተ መድኃኒት አትጨርሱም፣ ከዚያ ሞተብን ትላላችሁ» ብሎ ሄደ። ሶረቲ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት «እናት ብትሆን ቆማ ታስውጠው ነበር» አለች። ይህች ቃል አሰፋች ውስጥ ገብታ እንደ እሾህ ተሰብራ ቀረች። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ኪኒን ጀምሮ የሚያቋርጥ ሰው ወዮለት፤ አሰፋች ደጁ ላይ ናት። ጎረቤቱ ይስቅባት ነበር፤ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስውጪ ነው?» ይሏታል።

ኢቢሳ አንገር ጉቲን አክስቱ ዘንድ ለበቆሎ መሰብሰቢያ ወርዶ፣ ወባ ይዞት ሲመለስ እንግዲህ እንዴት እንደምትሆን መገመት አይከብድም። ኪኒኑን በእጁ አልሰጠችውም። በመሀረቧ ጫፍ ቋጥራ እሷው ያዘችው። ማታ ማታ ከእራት በኋላ አንዷን መዳፏ ላይ አድርጋ ፊቱ ትቆማለች፤ ውኃ ታቀብለዋለች፤ ሲውጥ ጉሮሮውን ታያለች። በዚህም አታምነውም። «አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ።» ጎረምሳው እየሳቀ ይከፍታል፣ ምላሱንም ያነሳል፤ ሥሩ ምንም እንደሌለ አይታ ጉንጩን መታ ታደርገዋለች። ሽንቱ የጠቆረ ዕለት ግን አልሳቀም። «አዮ፣ ይኼ ነገር አልተስማማኝም፣ ልተወው» አላት። «ወንድምህም እንዲህ ብሎ ነው የሞተው» አለችው። ጎረቤትም ገብታ አይታ «እሰይ! ነቅሎ እያወጣው ነው» አለች። ስለዚህ አስዋጠችው። በማግስቱም መነሳት እያቃተው፣ ትከሻውን ደግፋ አስዋጠችው። ልጁ እናቱን ይሰማ ነበር። ጥፋቱም ይኼው ብቻ ነው።

«መርምራችሁ መስጠት አይቻልም ነበር?» አለች አሰፋች።

«መመርመሪያው አለ፤ እኛ ጋ ግን አልደረሰም።» ዶክተሯ አንገቷን ደፋች። «ኪኒኑ ደርሷል።»

«ትልቁ ልጄ አቋርጦ ነው የሞተው። ሽንቱ ጠቁሮ አቋረጠው። እንግዲህ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ቢያቋርጥ ወባ፣ ቢጨርስ ኪኒን!»

ዶክተሯ የተንጠለጠለውን ደም አስተካከለችና የአሰፋችን ዕለት ከሁለት የከፈለውን ጥያቄ ጠየቀች። «እህት አለዎት? የእናትዎ ልጅ? ወንዶች ልጆች ካሏት እነሱም ላይ ሊኖር ይችላል። ይህን ኪኒን እንዳይወስዱ ይንገሯቸው።»

አሰፋች መጀመሪያ «እሺ» አለች፤ ከዚያ ተነስታ ቆመች። እህቷ እየሩስ አንገር ጉቲን ናት። የእየሩስ ልጅ ሠርፀ ከኢቢሳ ጋር አንድ ማሳ ላይ ሲሠራ ከርሞ፣ እሱም ወባ ይዞት፣ እሱም ያንኑ ኪኒን ጀምሯል። ቀላል ልጅ እኮ ነው፣ ሲወድቅ ሲነሳ የሚስቅ። ባለፈው ሰሞን እየሩስ ደውላ «እትዬ፣ ይኼ ልጅ መዋጥ ይሰለቻል» ስትል፣ አሰፋች በስልክ ሥነ ሥርዓቱን አንድ በአንድ አስተምራታለች። ማታ ከእራት በኋላ ስጪው፤ ቆመሽ አስውጪው፤ ጉሮሮውን እዪ፤ ምላሱን አስነሺው። አሁን ጊዜው ከረፋዱ አልፎ ነበር። ለእራት የቀረው ከሰዓት በኋላው ብቻ ነው።

ደወለች። ያቺ በማሽን የምትናገር ሴት የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም አለቻት። እንደገና ደወለች፤ ያቺው ሴት ያንኑ አለች። በእየሩስ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለችበት ጉብታ ላይ ሲወጡ ነው፤ እየሩስ ደግሞ የምትወጣው ሲመቻት ነው፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አትወጣም። የጎረቤቷን ሞከረች፤ ዝግ ነው። ኮሪደሩን እየተመላለሰች፣ ስልኩን ወደ መስኮት እያነሳች፣ በረንዳው ላይ እየወጣች ሞከረች፤ ከነቀምት በኩል የጎደለ ነገር ያለ ይመስል። የእናቷ ወንድሞች ትዝ አሏት። በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ መጥተው አንገር ሲሰፍሩ፣ የእናቷ ወንድሞች በመጀመሪያው ዓመት ወባ ይዟቸው፣ ኪኒን ውጠው፣ ጥቁር ሸንተው ተከታትለው ሞቱ። እናቷ እስክትሞት ድረስ «ወንድሞቼን ቆላ በላቸው» ትል ነበር። ቆላ ብቻውን አልበላቸውም ማለት ነው።

ወደ አግዳሚው ተመለሰች። ጋሩማ ደም የሰጠበት ክንዱ ላይ ጥጡን እንደያዘ ተቀምጧል። አናጢ ነው፤ እጁ ሥራ ፈትቶ አታውቀውም፤ ዛሬ ግን ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ አርፏል። «አንገር ልሄድ ነው» አለችው። «ሠርፀ ያንን ኪኒን እየዋጠ ነው፤ ስልኩም አልሠራ አለ። ሄጄ ላስቁም።»

ጋሩማ ቀና ብሎ አያት። ከጠዋት ጀምሮ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ዓይኑን ወደ መዳፉ መለሰ።

«ልጅሽ እዚህ ነፍሱን ይዞ?» አለች ሶረቲ። «ዋቃዮ! ምን ዓይነት እናት ናት?»

«ልጄን አደራ» አለች አሰፋች፣ ለማን እንደምትል ሳታውቅ። ኢቢሳ ዘንድ ገብታ ግንባሩን ዳሰሰችው። ሊነግራት የፈለገውን ነገር ከንፈሩ ጀምሮ ተወው። የውጪው በር ጋ ስትደርስ ዶክተር ኡርጂ ተከትላ ደረሰችባትና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ኩላሊት የሚያጥበው ማሽን ያለበት ከተማ ድረስ ያለውን መንገድ ልጁ እንደማይችለው፣ ደሙን እየሰጡ ከመጠበቅ ሌላ እንደሌላቸው ነገረቻት። «ቶሎ ይመለሱ፣ አዮ» አለቻት። ቶሎ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም አውቀውታል።

መናኸሪያው ውስጥ ወደ አንገር የሚል የለም። ወደ ባኮ ይጮሃል፣ ወደ ጊምቢ ይጮሃል፣ ወደ በደሌ ይጮሃል። መጨረሻ ላይ ዋቅወያ የሚባል ሾፌር የአባዱላውን በር ከፍቶ «አዮ፣ እኔ ኡኬ ድረስ ነኝ» አላት። «ከዚያ ወዲያ ዛሬ መኪና አያልፍም፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም ብለዋል።» ነገ በጠዋት ከሆነ እስከ አንገር እንደሚወስዳት ነገራት። ነገ ለሠርፀ ምን ያደርግለታል? ቢሆንም ኡኬ ለአንገር ይቀርባል፤ በሞተር የሚሄድ፣ በእግር የሚሄድ፣ መልእክት የሚያደርስ አንድ ሰው አይጠፋም ብላ ገባች። መኪናው እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ነዳጅ ጠፋ ብሎ ዋቅወያ ታሪፉን በእጥፍ አስከፈላቸው፤ ተሳፋሪው አጉረመረመ፣ ከፈለ።

መንገድ ላይ ሰዉ ስለ በቆሎ ዋጋ ያወራል። ነጋዴው ገና ከማሳው ላይ በርካሽ እየጠቀለለው ነው አሉ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ዘንድሮ ወባ ሦስቴ እንደያዘው፣ ባለፈውም ገና ቀለል ሲለው የተረፈውን ኪኒን ለምራቱ እንደሰጣት አጫወታቸው። «መድኃኒት አይጣል» አለ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። አሰፋች ከሳምንት በፊት ቢሆን ዞር ብላ ትቆጣው፣ ጨርስ ትለው፣ እስኪፈራት ድረስ ትመክረው ነበር። አሁን አፏን ከፍታ ምን እንደምትለው አጣች። ጨርስ ትበለው? ተው ትበለው? ከሰው ሁሉ በፊት ራሷ ግራ የገባት ሴት ምክር አላት? ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙቀቱ በመስኮቱ ገባ። ስልኳን በመዳፏ ይዛ፣ ዳገት በመጣ ቁጥር እየደወለች፣ የዚያችን ሴት ድምፅ እየሰማች ኡኬ ደረሰች።

ኡኬ የመንገድ ዳር ከተማ ናት፤ ካንዱ ጫፍ ቆሞ ሌላው ጫፍ ይታያል። አሰፋች ባለ ሞተሩን ሁሉ ለመነች። አንዱ «በዚህ ሰዓት? እኔም እናት አለኝ» አላት። አንዱ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። አንዲት ሙዝ የምትሸጥ ሴት «አካም ጅርታ፣ እንደምን ነሽ፣ እስቲ አረፍ በይ» ብላ ባዶ ሳጥን ሰጠቻትና ተቀመጠች። ፀሐዩ ማዘቅዘቅ ጀምሯል። በዚያ መሐል ስልኳ ጠራ።

«እትዬ! እትዬ አሰፉ! ይሰማሻል? ማርያም ጉብታ ላይ ወጥቼ ነው!»

እየሩስ ናት። የኢቢሳን ወሬ ልትጠይቅ ወጥታ ደወለች። አሰፋች ከልጇ ራስጌ ባትነሳም ኖሮ ይኼው ስልክ እዚያው ይጠራላት ነበር። ለዚህ ነበር ጥላው የመጣችው። ይህን ያሰበችው ግን በኋላ ነው፤ ለዚያን ሰዓት ጊዜ አልነበራትም።

«እየሩስ፣ ስሚኝ...»

«ኢቢሳ እንዴት ዋለልሽ? እኔማ ልቤ እዚያ ነው። ስለ ሠርፀ አታስቢ፤ እንዳልሽኝ ቆሜ ነው የማስውጠው፣ ምላሱን ሳያነሳ አልለቀውም። ትናንትማ ሽንቱ ጥቁር ሆነ፤ እሰይ፣ እየወጣለት ነው።»

«እንዳትሰጪው! ዛሬ ማታ እንዳትሰጪው! ኪኒኑ ነው በሽታው!»

ነፋስ ስልኩ ውስጥ ይነፍሳል። አሰፋች ዶክተሯ ያለችውን ልትነግራት ሞከረች፤ ደማችን ውስጥ የሚጎድል ነገር አለ፣ ከእማ የመጣ ነው፣ ኪኒኑ ሲገባ ደሙ ይፈነዳል አለቻት። የዚያ የሚጎድለው ነገር ስም ከአፏ ጠፋ። የእማን ወንድሞች አስቢ አለቻት። ስትናገረው ለራሷም የእብድ ወሬ መሰላት።

«እትዬ» አለች እየሩስ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፤ «እነሱን ቆላ ነው የበላቸው። ደረሳስ አቋርጦ አይደል? አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ? እህቴ፣ እንቅልፍ አጥተሽ ነው። እኔ ልጄን አላቋርጥበትም። እራቱን አቅርቤለት ነው የወጣሁት፣ እንደገባሁ እሰጠዋለሁ። አሁን ኢቢሳ እንዴት...» ድምፁ ተቆራረጠ፤ ሊጠፋ ነው።

በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይነገረዋል፣ ጎሕ ሲቀድ ተሰልፎ ተሂዶ ነው የሚረዳው። ስለዚህም በዚህ ነገር የሚዋሽ የለም፤ እናት ደግሞ በገዛ ልጇ ላይ፣ እንኳን ሞተ ልትል፣ ታመመ የሚለውን ቃል እንኳ አለሳልሳ ነው የምትናገረው፣ አፍ ይጠራል ይባላልና። አሰፋች ይህን ሁሉ ታውቃለች። እህቷም እንደምታውቅ ታውቃለች። ሌላ ግን ምን ቀራት?

«ኢቢሳ ሞቷል» አለች። «ኪኒኑ ገደለው። ሰማሽ እየሩስ? ኢቢሳ ሞቷል!»

ከጉብታው ላይ የተነሳው ጩኸት በስልኩ ውስጥ አልፎ ሙዝ ሻጯን ከመቀመጫዋ አስነሳት። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ። ሴትየዋ ያለቀ ነገር መስሏት፣ ሙዟን ትታ፣ አሰፋችን አቅፋ በኦሮምኛ ታለቅስላት ጀመር። አሰፋች አላለቀሰችም። «አልሞተም» ልትላት ፈለገች፤ ግን ካንድ አፍ ሁለቱ እንዴት ይወጣል? ዋቅወያ ሲመለስ ከፊት አስቀመጣት፤ በኡኬ ወሬው ደርሶት ነበርና የመልሱን ታሪፍ አልቀበልም አላት። እስከ ነቀምት ሬዲዮውን አልከፈተም። ልጇ በሕይወት እያለ ሰው ሁሉ እያዘነላት፣ ዳገቱን ስትወጣ በልቧ ትለምን ነበር፤ እግዜር የኔን ቃል እንዳይሰማ፣ እየሩስ ግን እንድትሰማኝ። ሁለቱንም ባንድ ላይ መለመን እንደማያምር እያወቀች ለመነች።

ከሆስፒታሉ በር ስትደርስ መብራት በርቶ ነበር። ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። ከአንገር ወደ ዘመድ፣ ከዘመድ ወደ ሰፈር ደውለው፣ የሰፈሯ የማኅበር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ሲያዩዋት መሬት መሬቱን አዩ። ሶረቲ ከኮሪደሩ ወጥታ ደረት ለደረት ገጠመቻት። ስታለቅስ ነው የዋለችው፤ ለልጁ ያላት ፍቅር ሐሰት አልነበረም፣ ይኼንን ሊክዳት የሚችል የለም።

«በቁሙ ቀበርሽው!» አለቻት። «ልጁ ይተነፍሳል፣ እኔ ነፍስ ይማር የሚል ስልክ እቀበላለሁ! ሰው አይደለሽም አንቺ! እህትሽ ኪኒኑን እሳት ውስጥ ወርውራ፣ ፊቷን ነጭታ ትጮሃለች አሉኝ። ልጇንም ይዛ ነገ ለለቅሶው ትመጣለች አሉኝ። የማን ለቅሶ? የማን ለቅሶ ነው ሃዳ ደረሳ?»

ከዚህ ሁሉ ንግግር አሰፋች የሰማችው «ኪኒኑን እሳት ውስጥ» የምትለዋን ብቻ ነው። ግድግዳውን ያዘች።

ጋሩማ አግዳሚው ላይ ጠዋት ከነበረበት አልተነሳም። ቀና ሳይል «እንዴት አፍሽ እሺ አለ?» አላት። በዚያ ዕለት ሲያናግራት የመጀመሪያው ነበር።

«ሠርፀ ሊውጥ ነበር።»

«ሠርፀ» አለ ጋሩማ፤ አይቶት የማያውቀውን ሰው ስም እንደሚያነብ ሰው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አሰፋች ይቅር በለኝ ብትለው ይቅር እንደማይላት፣ ቢላትም እሷ ራሷን እንደማትምር አውቃ አልፋው ገባች።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ደም ተሰቅሏል። የሽንት ከረጢቱ እንደ ጠዋቱ ነው፤ ያቺው ትንሽ ጥቁር ነገር ታች ተኝታለች። የኢቢሳ ፊት አብጦ፣ እስትንፋሱ አጭር አጭር ሆኖ፣ ዓይኑ ገርበብ ብሏል። ዶክተር ኡርጂ እጁን ይዛ ቆማ ነበር፤ አሰፋችን ስታይ ቦታውን ለቀቀችላትና ወጣች። ከንፈሩ ደርቋል። አሰፋች ጠዋት ከቀዳችው ውኃ በማንኪያ አድርጋ አቀረበችለት። «ኢቢሳ፣ እኔ ነኝ፤ አፍህን ክፈት የኔ ጌታ፣ ከንፈርህን ላርጥብልህ።»

ድምጿን ሰማ። አፉን ከፈተ። ውኃዋን በግድ፣ ጉሮሮው እየተንቀጠቀጠ ዋጣት። ከዚያ አፉን እንደገና ከፈተላትና፣ ሥሩ ምንም እንደሌለ እንድታይ፣ ቀስ ብሎ ምላሱን አነሳ።